እኛን ያልሸተተን ማሰሪያ

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ ምን ምን ይላል?»

ኻላ መስቱራ ሰዓቱን በቆዳ ማሰሪያው አንጠልጥላ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። አሸተትኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ አሸተትኩ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። ታላቅ እህቴ ናዝቦ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። «ምላሷ ከእሷ ቀድሞ የተወለደ» የምባል፣ መልስ የማይቸግረኝ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ቸገረኝ። ሰዓቱ ምንም ምን አይልም ነበር።

ጥያቄው ለምን እንደመጣ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የምንኖረው ኹልም ነበር፤ ጣሪያው በጉልላት ከተሸፈነው ገበያ ጀርባ፣ ወንዙ ወደ ሮማን አትክልቶቹ በሚታጠፍበት ጥግ። የካቡሉ ንጉሥ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቤታችን ከሌሎቹ ቤቶች ገለል ያለ ነው። የገዥው ቤትም እንዲሁ ገለል ያለ ስለነበር፣ ትልቅ ሰው ሁሉ ከሰው ርቆ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ጉል ሙራድ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። እኛ ባባ እንለዋለን፤ እናታችንን ደግሞ ቦቦ። ሌላዋ ትልቅ ሴት ሁሉ ኻላ፣ አክስት፣ ናት። ባባ በገበያው መሀል ሲያልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። አህያ የሚነዳው አህያውን ወደ ዳር ይስባል። እናቶች የታቀፉትን ሕፃን ፊት በሻሻቸው ይሸፍናሉ። ዘይት ሻጩ ማሰሮውን ከባባ እጅ አይቀበልም፤ «እዚያ ድንጋዩ ላይ አስቀምጥልኝ» ብሎት፣ ሞልቶ እዚያው ድንጋይ ላይ ይመልስለታል። እኔ ከኋላው አንገቴን አቅንቼ እራመዳለሁ። የእኔ አባት ሰው እጁን ለመንካት እንኳ የሚፈራው የተከበረ ሰው ነበራ!

ሥራው ምን እንደሆነ ተጠራጥሬ አላውቅም። ሰው ይመጣል፤ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጠራዋል። ባባ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይከተለዋል። ሲመለስ ከረጢቱ ውስጥ የወንድ ልብስ አለ፤ አንዳንዴም ሰዓት አለ። ሰዓት የመጣ ቀን ቤታችን ይደምቃል። እንግዲህ የአባቴ ሥራ ሰዓት ነው። ሰዎች ያደፈ ሰዓታቸውን ይሰጡታል፣ ቦቦ ታጸዳዋለች፣ ባባ ማዛር ከተማ ወስዶ ያስረክባል። ልጅ ያየውን ይገጣጥማል፤ እኔም ያየሁትን ገጣጠምኩ።

«ባባ፣ ይሄን ማነው የሰጠህ?»

«አንድ ሰውዬ።»

«መቼ መጥቶ ይወስደዋል?»

«አይመጣም።»

«ሌላ ሰዓት አለው?»

ባባ ጺሙን ይዳብሳል። «ማህጉል ጃን፣ ነፍሴ፣ እሱ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት ነገር የለውም።»

ቦቦ ከምድጃው በኩል ትቆጣለች። «ከልጅ ጋር እንዲህ ይቀለዳል? አፍህን ታጠብ!»

«ደግሞ ለራሴ? ስንቱን ሳጥብ ውዬ መጥቼ!»

ቦቦ ሳትወድ ትስቃለች። እሷ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ። ናዝቦ ግን አትስቅም ነበር።

ሰዓት የሚጸዳው በረንዳው ላይ ነው። ቦቦ ነጭ ጨርቅ ታነጥፍና በመርፌ ጫፍ ማሰሪያውን ከሰዓቱ የምታያይዘውን ስስ ሽቦ ትጫናለች፤ ሽቦዋ ጠቅ ብላ ትወጣለች። ሁለቱ አንድ ላይ አይታጠቡም። «ሰዓት ውሃ ይፈራል፣ ማሰሪያ ፀሐይ ይፈራል፣ ሴት ልጅ ወሬ ትፈራለች» ትላለች። ሰዓቱን የሚሞሉበትን ጉጥ እስኪገባ ተጭና ካረጋገጠች በኋላ፣ ጀርባውንና ጎኑን ውሃው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ታብሳለች። ላብና አቧራ ተጋግሮ የደረቀበትን ስንጥቅ በመፋቂያ ትፍቃለች። መስታወቱ ጭረት ከበዛበት በሻሽ የተነፋ አመድና ጠብታ የሰሊጥ ዘይት በሱፍ ቁራጭ አድርጋ ቀስ እያለች ታሸዋለች። መጀመሪያ ጭጋግ ይሆናል። ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ ቁጥሮቹ ብቅ ይላሉ። እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ግን ብቅ ሲሉ አጨበጭባለሁ።

የብረት ማሰሪያ የእኔ ድርሻ ነበር። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው እንደ ሻይ ይጠቁራል። ከዚያ በየመጋጠሚያው ያለውን ጥቁር እድፍ በመርፌ እለቅማለሁ።

«ቦቦ፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰው ነው?»

«ከአንድ ሰው ነው።»

«አይታጠብም ነበር?»

«ይሠራ ነበር» ትለኛለች።

የቆዳ ማሰሪያ የናዝቦ ነው። ሳሙና በነካ ጨርቅ ውስጡን ታብስና ጥላ ውስጥ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ በበግ ላት ታሸዋለች። የቆዳ ማሰሪያ የሰውዬውን ክንድ ቅርጽ አይረሳም። ናዝቦ አቃንታ በድንጋይ ብትጫነው እንኳ፣ ድንጋዩ ሲነሳ ቀስ ብሎ ይጎብጣል። እኔና እሷ ጨዋታ ነበረን፤ በቀዳዳዎቹ ባለቤቱን መገመት። ዳር ያለው ቀዳዳ ከሰፋ ወፍራም ነው። ወደ ውስጥ ያለው ከሰፋ ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በየተራ ሰፍተው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ያለው ማሰሪያ መጣ።

«ይሄኛው እየጾመ ነበር!» አልኩ።

«እየጾመ ነበር» አለች ናዝቦ፤ ማሰሪያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ሳትነካው ቆየች።

አሁን ሦስት ልጆች አሉኝ። ታናሹ ሦስት ወር ሙሉ ታሞብኝ ሲከሳ፣ የሱሪውን መቀነት በየሳምንቱ ሳጠብቅ ያ ማሰሪያ ትዝ አለኝ። ያ ሰው አልጾመም ነበር።

ያን ዓመት ናዝቦ አሥራ ሰባት ሆናት። ለትዳር ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ረጀብ ነው። ረጀብ ከአይበክ የሚመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ ናዝቦን የሚያክሉ ሰው ነው። እሱም እንደ ባባ ከረጢት ያንጠለጥላል። በመጣ ቁጥር ከባባ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ለእኔ ዘቢብ ይሰጠኛል፣ ናዝቦን ሳያይ ይሄዳል። እኔ ረጀብን እወደው ነበር። ናዝቦ እሱ የጠጣበትን ኩባያ ለምን ሦስቴ እንደምታጥብ አይገባኝም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከማዛር መጣ። የቦቦ የአክስት ልጅ ኻላ ገውሃር ማዛር ትኖራለች። ናዝቦ በበልግ እሷ ዘንድ ሰንብታ ስትጠልፍ፣ አንድ ረቡዕ ሴቶች የቅዱሱ ሰው መቃብር ወዳለበት መስጊድ በሚሄዱበት ቀን፣ መስቱራ የምትባል ሴት አየቻት። መስቱራ ሸምሱዲን የሚባል ልብስ ሰፊ ልጅ አላት። ጠየቀች፣ አጠያየቀች። ኻላ ገውሃርም «አባቷ የሰዓት ሰው ነው» ብላ ነገረቻት።

ቦቦ ይህን ስትሰማ ገውሃርን ጉንጮቿን ይዛ ሳመቻት። «ይህች ልጅ ከዚህ ቤት ትውጣልኝ እንጂ ከአላህ ሌላ አልለምንም። አንዷ ብቻ ትውጣልኝ» አለች። እኔ ቤታችን ምን ጎደለው ብዬ ተቀየምኩ።

በእኛ አገር የልጅቷ ወገን እሺ ያለ እንደሆነ ለወንዱ ወገን የጣፋጭ ትሪ ያቀርባል። ትሪው ላይ የስኳር ቁልል፣ ኑቁል የምንለው በስኳር የተለበጠ ለውዝ፣ ልጅቷ በእጇ የጠለፈችው መሀረብ ይቀመጣል። ለሙሽራው ሰዓት የሚጨምርም አለ። የወንዱ እናት ትሪውን አንስታ ከሄደች ነገሩ አልቋል፤ ልጅቷ የእነሱ ናት።

«ሌላው ቢቀር ሰዓቱ መቅረት የለበትም» አለች ቦቦ። «የሰዓት ሰው ነን ብለን!»

የተመረጠው ሰዓት ባባ በዚያ ሰሞን ያመጣው ነው። ፊቱ ወርቃማ ነው፣ ማሰሪያው ቡናማ የውጭ አገር ቆዳ። አንድ ቀዳዳ ብቻ፣ ያውም ትንሽ፣ ሰፍቷል። ከተራራው ገደል መኪናው የተገለበጠበት ሾፌር ነበር ባለቤቱ። ይህን ያኔ አልሰማሁም። የሰማሁት ባባ «ገና ሳይለምደው» ሲል ነው።

«ይሄንን አልወደድኩትም» አለ ባባ። «ከገበያ አዲስ እንግዛለት።»

«በምናችን? ደግሞስ ይሄ ከአዲስ በምን ያንሳል? ታጥቦ የማይጠራ ነገር አለ?»

«አለ» አላት ባባ።

«እንግዲያው ሥራህን ተው!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ በኋላ ባባ ስለ ሰዓቱ አልተናገረም።

ቦቦ እንደዚያ ሰዓት አድርጋ ያጸዳችው ነገር የለም። መስታወቱን አሸችው፣ አየችው፣ እንደገና አሸችው። በዘለበቱ ጥግ ያለችውን አረንጓዴ ዝገት በሎሚ አለቀቀቻት። ማሰሪያውን ከናዝቦ ነጥቃ ራሷ ያዘችው። በሳሙና አበሰችው፣ በአመድ ውሃ አበሰችው፣ በንፋስ ሰቀለችው፣ በላት አለሰለሰችው። በመጨረሻ ጉንጯ ላይ አድርጋ «እንደ ሕፃን ቆዳ» አለች። ናዝቦ የጽጌረዳ ውሃ ብልቃጥ ይዛ መጣች። «ትንሽ ጠብ ላድርግበት፣ እንዲሸት?»

ቦቦ እጇን መታቻት። «አብደሻል? የጽጌረዳ ውሃ አይነካውም! ያንን ሽታ የማያውቅ ማን አለ?»

እኔ የጽጌረዳ ውሃ የምናውቀው በወተት በበሰለ ሩዝ ላይ ነው ብዬ ገረመኝ። በከፈን ጨርቅ ላይም እንደሚረጭ አላውቅም ነበር። ቦቦ ያን ያህል ተጠንቅቃ ነበር። የምትችለውን ሁሉ ተጠንቅቃ ነበር።

ከዚያም ሰዓቱን በመሀረብ ጠቅልላ፣ ደህና ቦታ ይሁን ብላ፣ ባባ የሥራ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሁሉም ሰዓት እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

የእንግዶቹ ቀን ባባ ገና ጠዋት ወደ ሮማን አትክልቱ ተላከ። ቦቦ ፀጉሬን እየጎነጎነች ትጠይቀኛለች።

«ባባ ምንድነው ሥራው?»

«ሰዓት ያጸዳል።»

«ከየት ያመጣል?»

«ሰዎች ይሰጡታል።»

«ጎሽ። ከዚህ ሌላ አትጨምሪ። ምላስሽን ዛሬ ብቻ አበድሪኝ።»

ኻላ መስቱራ ከእህቷና ከኻላ ገውሃር ጋር መጣች። ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ስትቀመጥ ትራሱን ሁሉ የምትሞላ ሴት ናት። ወደድኳት። ከሁሉ በላይ የወደድኳት ግን ከእጃችን ስለበላች ነው። ከቤታችን ዳቦ ቆርሶ የበላ እንግዳ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እሷ ቆርሳ በላች፣ ሻይ ጠጣች፣ «አይ እጅ!» አለች። ቦቦ ዳቦው ከመስቱራ አፍ እስኪደርስ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ሲደርስ ለቀቀችው።

«አንቺስ ትንሿ፣ ምን ትችያለሽ?» አለችኝ ጭኗ ላይ ስባ።

«የብረት ማሰሪያ እድፍ እለቅማለሁ።»

«በይ እንግዲህ! የሁለተኛው ልጄ ሚስት ተገኘች!» ብላ ስትስቅ ሆዷ ጀርባዬን ነቀነቀው። «ግን ያ ልጅ ራሱ እድፍ ነው፤ ትችይዋለሽ?»

«በሙቅ ውሃ ከዘፈዘፍኩት እችላለሁ።»

ሁሉም ፈነዱ። ናዝቦ እንኳ ሳቀች። እህቴ ስትስቅ በግራ ጉንጯ ጉድጓድ እንዳላት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቦቦ ትሪውን አመጣች። ኻላ መስቱራ መጀመሪያ መሀረቡን አነሳች፤ ጥልፉን ገልብጣ በጀርባው አየችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሰዓቱን አነሳች። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «ይሄማ የልብ ምት ነው!» አለች። ሰዓቱን ከጆሮዋ ስታወርድ ማሰሪያው በአፍንጫዋ በኩል አለፈ።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ግን አብሮት አልነበረም። ማሰሪያውን ወደ አፍንጫዋ መለሰችው። ከውስጥ በኩል አሸተተችው። ለእህቷ ዘረጋችላት፤ እህቷ አሸተተችና ወደ በሩ አየች። እኔ የቆዳው ሽታ ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። ኻላ መስቱራ ወደ እኔ ዞረች፤ አነጋገሯ ለስላሳ ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ ምን ምን ይላል?»

ቦቦ መለሰችልኝ። «ሣጥን ውስጥ ሰንብቶ ነው እኮ፣ እህት ዓለም።»

«የምን ሣጥን?»

ኻላ ገውሃር ሻይዋን እያየች ነበር።

ኻላ መስቱራ ሰዓቱን ትሪው ላይ አስቀመጠች። እኔን ከጭኗ አወረደችኝ፤ አልገፋችኝም፣ እንደ ዕቃ ቀስ አድርጋ አወረደችኝ። «የናዝቦ እናት፣» አለች፣ «ልጅሽ ወርቅ ናት። ዓይኔ አልዋሸኝም። ግን እኔ ባሌን የቀበርኩት አምና ነው። ከቤቴ ይሄን ሽታ ለማስወጣት ስንት ጊዜ ምንጣፍ እንዳጠብኩ አላህ ያውቃል። ልጄ እጅ ላይ አስሬ አላስገባውም።»

«ናዝቦ ምን አደረገች?» አለች ቦቦ። «እሷ ምን አደረገች?»

«ምንም። ምንም አላደረገችም» አለች ኻላ መስቱራ፤ እያለቀሰችም ነበር። ግቢ ወጥታ ከጋኑ ውሃ ቀድታ እጇን ታጠበች፤ አፏንም ተጉመጠመጠች። ኻላ ገውሃር ጫማዋን በትክክል ሳታደርግ ተከትላቸው ሮጠች።

ትሪው ቀረ።

«ቦቦ! ትተውልን ሄዱ!» ብዬ ጮህኩ። የስኳሩ ቁልል፣ ኑቁሉ፣ ሁሉም ለእኛ! በሁለት እጄ አፈስኩ። ለናዝቦም ሰጠኋት። አንዷን ለውዝ አፏ ውስጥ አስገባች፤ ሳታኝክ፣ ሳትውጥ፣ ጉንጯን እንዳሳበጠች ተቀመጠች። የጥርስ ሕመም ያዛት ብዬ አሰብኩ።

ቦቦ ማሰሪያውን አንስታ ታሸት ነበር። ታሸታለች፣ ወደ ግቢ ትወጣለች፣ አየር ትስባለች፣ ተመልሳ ታሸታለች። ባባ ሲመጣ አፍንጫው ላይ ለጠፈችበት።

«አሽትት!»

ባባ አሸተተ። «ምንም አይልም» አለ።

«አዎ! ምንም አይልም! ለእኔም ምንም አይልም!» አለችና መሬት ተቀመጠች። «አልሸተተንም እኮ፣ ጉል ሙራድ። አልሸተተንም።»

ባባ ከረጢቱን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ውጭ አወጣው። ቆይቶ መልሶ አስገባው። የሚያደርስበት ቦታ አልነበረውም።

እኔ ጣፋጩን እየበላሁ፣ ሰዓቱ መልካም ሽታ ሊኖረው ሲገባ ስለሌለው አዝነዋል ብዬ ደመደምኩ። የጽጌረዳ ውሃው ቢደረግበት ኖሮ ብዬ ቦቦን ወቀስኳት፤ በልቤ ነው።

ነገሩ የገባኝ አድጌ፣ ማዛር፣ የጎረቤታችን ሽማግሌ በሞቱ ቀን ነው። አጣቢዎቹ ከጓዳ ሲወጡ ከኋላቸው አንድ ሽታ ወጣ፤ የሚያቀዘቅዝ፣ ዓይን የሚነካ። ካፉር ነው፤ ሬሳ ከታጠበ በኋላ የሚደረግለት። ሌሎቹ ሴቶች አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ወደ ሽታው ተጠጋሁ። ቤታችን ነው የሸተተኝ። የባባ ከረጢት፣ ሣጥኑ፣ የቦቦ ትራስ፣ ናዝቦ ፀጉሬን ስትጎነጉን እጇ፤ ሁሉም። እዚያ እያለሁ አንድም ቀን ሸትቶኝ አያውቅም። ሬሳ እያጠበ የሚኖር፣ የሞተ ሰው የለበሰው ልብስና ያሰረው ሰዓት ደሞዙ የሆነ ሰው፣ ምን እንደሚሸት የሚያውቁት ሌሎች ብቻ ናቸው። መንገድ የሚለቁለትም ለዚህ ነበር።

ነገሬን ግን ልጨርስ። መኸር ሲገባ ረጀብ መጣ። ዘቢብ አመጣልኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ናዝቦን አያት። ትሪ አልቀረበም፣ ሰዓትም አልተሰጠውም። ከአይበክ ጠቅልሎ ወደ ኹልም መጣ፤ ባባ አርጅቷልና ሥራውን ሊረከብ። ናዝቦም ሥራ ተማረች፤ ሴት የሚያጥበው ሴት ነውና። ጉንጯ ላይ ያየሁትን ጉድጓድ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ናዝቦ በተዳረች በሳምንቱ ቦቦ ወንዝ ወሰደችኝ። አዲስ ሳሙና ይዛ ነበር። አጠበችኝ። ፀጉሬን ፈትታ በአመድ ውሃ አሸችው፣ ክንዴን እስኪቀላ ፈተገችው፣ በጥፍሮቼ ሥር በመፋቂያ ፋቀች። አለቀ ስል እንደገና ትጀምራለች። «ቦቦ፣ ያመኛል!» እላለሁ፤ አትሰማኝም። ከዚያ ጥላ ሥር ንፋስ ላይ አቆመችኝ። ልብሴን አልመለሰችልኝም። ወንዝ ዳር ትጠብቀን የነበረችው ኻላ ገውሃር ከማዛር ያመጣችውን፣ ቤታችን ያልገባ ልብስ፣ እዚያው አለበሰችኝ። ቦቦ ራሷ እንኳ አላለበሰችኝም።

«ማዛር እኔ ዘንድ ጥልፍ ልትማሪ ነው» አለችኝ ኻላ ገውሃር። «አባትሽ ማን ነው ቢሉሽ?»

«የሰዓት ሰው።»

«ጎሽ።»

ልስማት ወደ ቦቦ ሮጥኩ። ወደ ኋላ ሸሸች። እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። «ሂጂ! አትንኪኝ! ሂጂ ብያለሁ!» አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ፣ ያለፈቃድ የበላሁት ኑቁል ትዝ አለኝ። ለብዙ ዓመት ከቤት ያስባረረኝ ኑቁል ይመስለኝ ነበር። የቦቦ ስም በተጠራ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ የደበቀችው እጅ ነው።

አሁን የቆሸሸ ነገር ሁሉ ታጥቦ እንደማይጠራ አውቃለሁ፤ ግን አጥባለሁ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንገታቸውን አሸታለሁ። ትልቋ ትስቅብኛለች። «እማ፣ ዳቦ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች። ባሌ ከሰዓት በቀር ስለ አባቴ የሚያውቀው የለም። ዘንድሮ ፊደል በምማርበት የሴቶች ክፍል አስተማሪዋ የአባታችሁን ሥራ ጻፉ ስትለን፣ አንዷ ገበሬ፣ አንዷ ሸክላ ሠሪ ብላ ጻፈች። እኔ «ሰዓት አጽጂ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ አንድም ስህተት የለበትም አለችኝ።

ባባ ሲሞት ረጀብ አጠበው። ቦቦ ስትሞት ናዝቦ አጠበቻት። ለሁለቱም አልተጠራሁም፤ ኻላ ገውሃር የነገረችኝ ሀዘኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ እንዳልሄድ። ናዝቦ ሁለት ሴት ልጆች እንዳሏት ሰምቻለሁ። ሰዓት ማን እንደሚያጸዳላት አላውቅም።

ናዝቦ ቀረች። እኔ ሄድኩ።